ስለ አውራጅነት፤ የኩባን የክብ ጭፈራ ስለ መጥራት የቀረበ ጥናት

አውራጅ ማለት ዘፈን የሚያወርድ፣ ሌላው እንዲቀበለው ቀድሞ ድምፁን የሚያሰማ ሰው ማለት ነው። በሠርግ ቤት፣ በአጨዳ ላይ፣ በቡሄም በየደጁ በሚዞሩት ልጆች መካከል አውራጅ አለ፤ ተቀባይም አለ። ይህን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋልና አንዘረዝረውም። በዚህ ጽሑፍ ልንናገርለት ያሰብነው ቃል ጠርቶ እግር የሚያስነሣውን አውራጅ ነው። ይኸውም በኩባ አገር «ሩዌዳ ዴ ካሲኖ» በሚባለው የክብ ጭፈራ ውስጥ ሆኖ ለስምንት ወይም ለአሥር ጥንድ ቀጣዩን እርምጃ የሚያስታውቀው ሰው ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት አለ። በግቢያችን ማታ ማታ የሚሰበሰበው ክብ በዚህ ዓመት ከሃያ ሰው አልፏል። እግር ያለው ብዙ ነው፤ መጥራት የሚችሉት ግን ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱም ሁለቱ በዚህ ዓመት ይመረቃሉ። እነርሱ ሲሄዱ ክቡ እንዳይበተን የሚፈልግ ሁሉ ከአሁኑ መጥራትን መማር አለበት። በአማርኛ የተጻፈ መማሪያም ስላልገጠመን እስካሁን የቀሰምነውን እንደሚከተለው አቅርበናል።

«ሩዌዳ» በስፓኝ ቋንቋ መንኮራኩር ማለት ነው። «ካሲኖ» የሚለው ቃል ግን እዚህ ላይ ቁማርን አያመለክትም (አንዳንድ ጓደኞቻችን እንዲህ መስሏቸው ሲሥቁብን ከርመዋል)። በቀድሞዋ ሃቫና ሰው እየተሰበሰበ የሚጨፍርባቸው የክበብ አዳራሾች በዚህ ስም ይጠሩ ነበርና ስሙ ለጭፈራውም ተረፈ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሲኖ ዴፖርቲቮ ከተባለው የሃቫና ክበብ ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሣው ይህ ጭፈራ፣ ጥንዶች ክብ ሠርተው፣ አንዱ እየጠራ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየዞሩና ጓደኛ እየተለዋወጡ የሚጨፍሩት ነው። «ሳልሳ» የሚለው ስም በኒውዮርክ በኩል ገኖ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

ኩባ ለአገራችን ባዕድ አይደለችም። በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ወታደሮቿ ከእኛ ጋር ተሰልፈው ወድቀዋል፤ በአዲስ አበባ በ1977 ዓ.ም. በተመረቀው በትግላችን ሐውልት ግቢ መታሰቢያቸው ይገኛል። በዚያ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው የኩባ ደሴት ተልከው ተምረዋል። ከዚያም አስቀድሞ ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙትን ሁለት አልበሞች አሳትሞ የእኛን ቅኝት ከላቲኑ ከበሮ ጋር አገናኝቷል። ይሁን እንጂ እኛ ክቡን ያገኘነው ከእነዚህ ከአንዱም አይደለም፤ እንደ ዘመናችን ልጆች ሁሉ በስልክ መስኮት አይተን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥሪ እስኪመጣ ድረስ ሁሉም የሚረግጡት መሠረታዊ እርምጃ «ጉዋፔያ» ይባላል፤ ጥንዶቹ ከእርስ በርሳቸው ሸሸት፣ እንደገና ቀረብ ይላሉ። አውራጁ «ዳሜ» ባለ ጊዜ ወንዱ ሁሉ የያዛትን ትቶ በቀኙ ያለችውን ይቀበላል፤ ቃሉ «ስጠኝ» ማለት ነው። «ዲሌ ኬ ኖ»፣ ትርጓሜው «እምቢ በላት»፣ ሴቲቱን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የማሳለፍ እርምጃ ሲሆን የብዙ ጥሪዎች መዝጊያ ነው። «ኤንቹፍላ» ሲባል ጥንዱ ቦታ ይለዋወጣል። «ሴቴንታ»፣ ማለት ሰባ፣ እጅ ከእጅ የሚቆላለፍበት ከበድ ያለ ዙር ነው። ሌሎች በብዙ አሥር የሚቆጠሩ ጥሪዎች አሉ፤ ነገር ግን ጀማሪ አውራጅ እነዚህን አራቱን በደንብ ከያዘ አንድ ሙሉ ዘፈን ሊያስጨፍር ይችላል። ከዚያ በላይ የሚጨነቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስም ያከማቻል እንጂ መጥራት አይማርም።

ችግሩ ያለው ከጊዜው ላይ ነው። የሳልሳ እርምጃ በስምንት ምት ይቆጠራል፤ በ1፣ 2፣ 3 ይረገጣል፤ 4 ላይ ያርፋል፤ በ5፣ 6፣ 7 ይረገጣል፤ 8 ላይ ያርፋል። ዘፈኑ በደቂቃ 180 ምት የሚሄድ ቢሆን በአንድ ሰከንድ ሦስት ምት ማለት ነውና ስምንቱ ምት በሦስት ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ታዲያ አዲሱ ዙር በሚቀጥለው 1 ላይ እንዲነሣ ጥሪው ከቀደመው ስምንት ውስጥ ከ1 እስከ 4 ባለው ጊዜ ተነግሮ ማለቅ አለበት። ለሰሚው የሚቀረው ከ5 እስከ 8 ያለው ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። «ዳሜ» ደግሞ ከዚህም ይቀድማል፤ ወንዱ በ5፣ 6፣ 7 ወደ አዲሲቱ ጓደኛው መራመድ ስላለበት 1 ላይ ያልተጠራ «ዳሜ» የዘገየ «ዳሜ» ነው። ስለዚህ አውራጁ እግሩ በዚህኛው ስምንት ውስጥ ሳለ ልቡ በሚመጣው ውስጥ ይኖራል። በራሱ እግር የሚጨነቅ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ከመጥራት በፊት ጉዋፔያን ሳያስቡ መርገጥ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ለእኛ አንድ ተጨማሪ ችግር አለብን። ጆሯችን ያደገው በ«ችክችካ» ነው፤ ጭብጨባችንም ሦስት ሦስት እያለ በሚንከባለለው ምት ላይ ይወድቃል። የኩባው ሙዚቃ ግን አራት አራት ይሄዳል፤ በላዩም «ክላቬ» የሚባል ሁለት በትር እየተጋጨ አምስት ምት ያለው የራሱን ንድፍ ያሰማል። የእኛ ሰው ሲያጨበጭብ ብዙ ጊዜ ክላቬውን ተከትሎ ይሄድና 1 የቱ እንደ ሆነ ይጠፋበታል። መድኃኒቱ ባሱንና ፒያኖውን ትቶ ዘፋኙ ስንኙን ሲጀምር መያዝ ነው፤ ስንኝ መስማትስ ማንም አያስተምረንም።

እንግዲህ ጊዜ መጠበቅን፣ ሰው ማድመጥን ከማን እንማር ብለን ስንፈልግ ከስልኩ መስኮት ይልቅ ቅርብ የሆነ መምህር አገኘን። ከመካከላችን ሁለቱ የአብደራፊ ልጆች ናቸው። አብደራፊ በምዕራብ አርማጭሆ፣ ከሱዳን ወሰን አጠገብ ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ ሀብቷ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ የማይሰጥ እህል ነው። ከመስከረም ወዲህ ሲደርስ ፍሬ መያዣው ከላይ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይፈሳል፤ ጥቂት ቀን የዘገየ ገበሬ ዓመቱን ያፈሳል። ስለዚህ ከደጋው ጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ እጅግ ብዙ ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። ትናንት የማይተዋወቁ ሰዎች ዛሬ በአንድ መስመር ማጭድ ይዘው ይቆማሉ፤ ዘፈኑም በመካከላቸው ይወርዳል።

ባለፈው መስከረም ትምህርት ሳይከፈት ሁለቱ ጓደኞቻችን ይህንኑ ልብ ብለው እንዲመለከቱ ተስማምተን ነበር፤ የተመለከቱትም ለሥራችን ከፍ ያለ ጥቅም ሰጥቶናል። አንደኛ ነገር፣ አውራጁ ከመስመሩ ውጭ አይቆምም። እርሱም ያጭዳል፤ የእርሱም ወገብ ይታጠፋል። የአሜሪካ «ስኩዌር ዳንስ» ጠሪ ከመድረክ ላይ ማይክሮፎን ይዞ ሲጠራ፣ የኩባው ጠሪ ግን ራሱ ጥንድ ይዞ ይጨፍራል፤ በዚህ ረገድ ከሃቫናና ከአብደራፊ ሰው ዝምድና አለ። ያልደከመው ሰው የሰውን ድካም ሊያውቅ አይችልምና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛውና ከሁሉ የገረመን አውራጁ በስንኙ ርዝመት የሰዉን ትንፋሽ መግዛቱ ነው። ሰዉ ሲደክም ረዥም ረዥሙን ያወርዳል፤ ተቀባዩ በዚያ መካከል አየር ይስባል። ሥራው እንዲፋጠን ሲፈለግ ስንኙ ያጥራል፤ መቀበሉ ይደጋገማል። ፀሐይ በበረታች ጊዜ ግን ማፋጠን አይገባም፤ ሰው ይወድቃል፤ ሰሊጡም በችኮላ ሲመታ ይራገፋል። ልብ ሳይል የሚያጣድፍ አውራጅ ሲገጥም ሠራተኛው አይጣላውም፤ አይሰድበውም፤ ዝም ብሎ መቀበሉን ይተዋል። ሁለት ሦስት ስንኝ ብቻውን ካወረደ በኋላ እርሱም ዝም ይላል፤ ሌላ ሰው ያነሣል።

ሦስተኛ፣ ሰዉ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ስለ ሆነ አውራጁ በመጀመሪያው ቀን የአገሩን ልዩ ዜማ አያወጣም። ማንም የሚያውቀውን አጭር መቀበያ ያስቀድማል፤ የጎጃሙ ከጎጃሙ፣ የወሎው ከወሎው የሚያመጡት ቀስ ብሎ በሳምንቱ ይገባል።

ይህን ወደ ክባችን ስናመጣው ወዲያው ጠቀመን። ከባድ ጥሪ ከጠራን በኋላ ሁለት ስምንት ያህል ጉዋፔያ ብቻ እንዲረገጥ መተው ጀመርን፤ ረዥሙ ስንኝ ማለት ይህ ነው። ቀድሞ ግን አንዱ ጥሪ ሳያልቅ ሌላው ይደረብ ነበር፤ የሚጠራውም ሰው «ክቡ ሞቀ» ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር የሞቀው እርሱ ብቻ ነበር። አውራጁ ዓይኑን የሚያሳርፈው ጎበዞቹ ላይ ሳይሆን ትናንት የመጡት ጥንድ ላይ መሆን አለበት። እነርሱ ዙሩን ሲዘጉ ሁሉም ዘግቷል ማለት ነው። በክብ ጭፈራ አንድ ጥንድ ከተሳሳተ ወደሚቀጥለው የሚሄድ ሰው ባዶ ቦታ ያገኛል፤ ከዚያም ስሕተቱ እንደ ዶቃ ክር መበጠስ ነው፤ ሁሉም ይፈስሳል።

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ፤ የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን እዚህ ላይ ብንዘገይ አንባቢ ይቅር ይለናል። በመጀመሪያው ወር ጥሪውን ሁሉ በአማርኛ እናድርገው የሚል አሳብ ቀርቦ በጭብጨባ ጸድቆ ነበር። «እለፍ»፣ «ልቀቅ»፣ «ጥለፍ»፣ «ክፈት»፣ «ምረጥ» እያልን ስም አወጣን። በወረቀት ላይ ሲነበብ እጅግ ያምራል። ሙዚቃው ሲከፈት ግን ማንም አልለየውም። ምክንያቱን ስንመረምር የአማርኛ ትእዛዝ አንቀጽ ራሱ ነው። የመጀመሪያው ፊደል ሳድስ፣ ሁለተኛው ግዕዝ፣ ሦስተኛው ሳድስ ሆኖ በአንድ ቅርጽ ስለሚወጣ በከበሮ መካከል የሚሰማው ዜማው ብቻ ነው፤ ዜማው ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው። ቃላቱን የሚለዩት ተነባቢዎች ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ በጩኸት ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፉ ናቸው።

ሌላም አለ። በአማርኛ ግሡ ከመጨረሻ ይመጣል። ስፓኞች «ዳሜ ዶስ» ሲሉ ሰሚው ምን እንደሚሠራ በመጀመሪያው ቃል ያውቃል፤ እግሩን እያነሣ ስንት እንደ ሆነ በሁለተኛው ይሰማል። እኛ «ሁለተኛዋን ተቀበል» ስንል ግን ሰሚው «ሁለተኛዋን» ሰምቶ ምን ላድርጋት እያለ ይጠብቃል፤ ግሡ ሲደርስ 5 አልፏል። ይህ የአማርኛ ጉድለት አይደለም፤ ለተረትና ለቅኔ ነገርን እስከ መጨረሻ ማቆየት ጸጋ ነው። ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ግን አይመችም።

ከብዙ ክርክር በኋላ መንገዱን በሁለት ከፈልነው። ከላይ የጠቀስናቸውን አራቱን ጥሪዎች እንደ ነበሩ በስፓኝ ቋንቋ ተውናቸው፤ ከእኛ አንዱ ነገ አዲስ አበባ ወይም ሌላ አገር በሚገኝ ክብ ውስጥ ቢገባ እንግዳ እንዳይሆን። ቁጥሩን ግን «ዳሜ ሁለት» እያልን በአማርኛ እንጨምራለን፤ ግራ የተጋባ የለም። ክቡ ሁሉ በአንድነት ለሚሠራቸው ዙሮች ደግሞ ከሰሊጥ እርሻ ስም ሰጠናቸው። የኩባ ክቦችም ቢሆኑ ከቦታ ቦታ የየራሳቸው ዙርና ስም ስላላቸው ይህን ማድረግ ሥርዓት ማፍረስ አይደለም። «ነዶ» ሲባል ክቡ በአንድ ስምንት ወደ መካከል ይጠባል፤ በሚቀጥለው ይሰፋል። «ሂላ» ሲባል ሁሉም እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ መካከል ዘንበል ይላል፤ በቆላው የታጨደው ሰሊጥ እንዲደርቅ ነዶው ቆሞ እርስ በርሱ ሲደገፍ ሂላ ይባላልና። «ወንፊት» ሲባል እግር ቆሞ ትከሻ ይናወጣል። ይህን ለጎንደር ልጅ ማስተማር አያስፈልግም፤ ማስቆም እንጂ። እነዚህ ስሞች ስለ ሆኑ እንደ ትእዛዝ አንቀጽ በአንድ ቅርጽ አይወጡም፤ ድምፃቸው እርስ በርሱ አይመሳሰልም። በጣም ሲጮኽ የእጅ ምልክት አብሮ ይነሣል።

ስም መሆናቸው ሌላ ጥቅምም አምጥቷል። የኩባው ጥሪ ለወንዱ የተነገረ ነው፤ «ስጠኝ»፣ «እምቢ በላት» ይላል። ሴቲቱ ለሌላ ሰው የተነገረውን ሰምታ የራሷን ድርሻ ትተረጉማለች። «ነዶ» ግን ወንድ ሴት አይልም። መጥራትም የወንድ ሥራ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ በሠርግ ቤት ዘፈኑን ማን እንደሚያወርደው ያስብ። ከሦስቱ አውራጆቻችን ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ በእኛ አስተያየትም ከወንዱ ይበልጣሉ፤ መከተል ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በእግራቸው ያውቁታልና።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር እንጨምር። ጸሎትን ከጭፈራ ጋር ማወዳደራችን አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ሰውን በአንድነት የማንቀሳቀስ ትምህርት በአገራችን ከአቋቋም ይልቅ የረቀቀበት ቦታ የለም። በጎንደር በዓታ ምስክር የሚሆኑት ደቀ መዛሙርት ዓመታት የሚፈጁበት ይህ ትምህርት በፍጥነት አይጀምርም። ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት እየተሸጋገረ፣ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው በየተራው እየገባ ይሞቃል። የመጨረሻው ሙቀት የሚያምረው የፊተኛው ዝግታ ስላለ ነው። እኛም የምሽቱን የመጀመሪያ ሁለት ዘፈኖች ዘገም ካሉት መምረጥ ጀምረናል፤ አዲስ አውራጅም የሚጠራው በእነዚህ ላይ ነው።

መለማመድ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት እግሩን ተወት አድርጎ ድምፁን ብቻ ይለማመድ። ዘፈን ከፍቶ 1 ሲመጣ «ዳሜ» ይበል፤ በሚቀጥሉት ሁለት ስምንቶች ዝም ይበል፤ እንደገና «ኤንቹፍላ» ይበል። ድምፅ ከደረት ይውጣ፤ ከጉሮሮ የወጣ ጥሪ ከአንድ ዘፈን በኋላ ይሻክራል። የመጨረሻውን ፊደል ማስረዘም አያስፈልግም፤ ሰሚውን የሚያነቃው የመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጉዋፔያ እየረገጠ ይጥራ። ክብ ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ማን የት እንደ ደረሰ ማወቅ ነው፤ ለዚህ ሳንቲም በቂ ነው። ስምንት የአንድ ብር ሳንቲምና ስምንት ሃምሳ ሳንቲም በጠረጴዛ ላይ ጥንድ ጥንድ አድርጎ በክብ መደርደር ነው። «ዳሜ» ባልን ቁጥር የአንድ ብሩን ሁሉ ወደ ቀኝ አንድ ቦታ ማሳለፍ። ሰባት ጊዜ ስንጠራ እያንዳንዱ ከሁሉም ጋር ተገናኝቷል፤ በስምንተኛው ወደ ፊተኛው ጓደኛው ይመለሳል። ይህ ቁጥር ከጨዋታ በላይ መሆኑን ያየነው በዓመቱ መጀመሪያ ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከአገሩ ልጅ ጋር ተጣምሮ ይቆማል፤ ሌላውን በሩቁ ያያል፤ ይህ ደግሞ በዘመናችን ግቢዎች ከባድ ነገር ሆኗል። ሁለት «ዳሜ» ጠርቶ ወደ ሴቴንታ የሚያልፍ አውራጅ ሰዉን እንደ መጣ ይተወዋል። ሰባቱን የሚጨርስ ግን አንድም ንግግር ሳያደርግ አሥራ ስድስቱን እጅ ለእጅ አያይዟቸዋል። ስለዚህ በክባችን የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ሰባቱ እንዲሞሉ ደንብ አውጥተናል፤ ቁጥሩን የሚይዘውም አውራጁ ነው።

ስምንቱን የለመደ ሰው ከዚያ አንዱን ጥንድ ከጠረጴዛው አንሥቶ በሰባት ጥንድ ይድገመው፤ ቀጥሎም በዘፈኑ መካከል መልሶ ያስገባው። በማናቸውም ምሽት አንድ ጥንድ ውሃ ሊጠጣ መውጣቱ አይቀርምና።